ዱቄታማ ሻጋታ፦ የዱባ ቅጠልን የሚያነጣው በሽታ

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ፣ ጓሮ ያለው ዱባ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ይወጣል። ግብርና ባለሙያዎች «ፓውደሪ ሚልዲው» ይሉታል። በአማርኛ «ዱቄታማ ሻጋታ» ማለት ይቻላል። «አመዳይ» የሚሉትም አሉ፤ እኔ ግን ውርጭ ከሚያመጣው አመዳይ ጋር እንዳይምታታ ፊተኛውን እመርጣለሁ።

ይህ በሽታ እንደ እንጀራ ሻጋታ አይደለም። ስፖሩ ለመብቀል የውሃ ጠብታ አይፈልግም፤ እንዲያውም ውሃ የተኛበት ቅጠል አይመቸውም። የሚስማማው ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ሙቀት፣ ጥላና የታፈነ አየር ነው። ስለዚህ ዝናቡ ስላቆመ ዱባው ተረፈ ማለት አይቻልም። ፈንገሱ ክሮቹን በቅጠሉ ገጽ ላይ ዘርግቶ መምጠጫውን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ደግሞ ነፋስ ነው። ፍሬውን እምብዛም አይነካም። ቅጠሉ ሲደርቅ ግን ዱባው ሳያድግና ሳይጣፍጥ ይቀራል፣ ፀሐይም ይለበልበዋል።

መድኃኒት ከመፈለግዎ በፊት በሽታው እሱ መሆኑን ያረጋግጡ። አንዳንድ የዱባ ዝርያ በተፈጥሮው በቅጠሉ ሥሮች መገናኛ ላይ ብርማ ዥንጉርጉር አለው፤ ይህን አይተው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። በጣትዎ አሸት ያድርጉት፦ ነጩ ጣትዎ ላይ ከቀረ ሻጋታው ነው፣ ካልለቀቀ የዝርያው መልክ ነው። ቅጠሉ ከላይ በሥሮቹ መካከል ማዕዘን ሠርቶ ቢጫ ከሆነና ከታች ግራጫ ካበቀለ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ «ዳውኒ ሚልዲው» ይባላል፣ እርጥበት የሚወደውም እሱ ነው።

መከላከያው ከተከላ ይጀምራል። ዱባን ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ላይ አራርቆ መትከል፣ ዩሪያ አለማብዛት፣ ከሥር ያረጁትንና የነጡትን ቅጠሎች ቆርጦ ከጓሮው ማውጣት። ዋግነር ቤቲዮል የተባሉ ብራዚላዊ ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በዙኪኒ ላይ በየሳምንቱ የተረጨ በውሃ የቀጠነ ወተት ሻጋታውን በደንብ ገትቶታል። አንድ እጅ ወተት ለዘጠኝ እጅ ውሃ ይበቃል። ወተት በዚህ ዋጋ ለዱባ? ለሁለት ሦስት ሐረግ ግን አንድ ብርጭቆ ከበቂ በላይ ነው። የሚረጨው ነጩ ገና ብቅ ሲል ነው፤ የደረቀ ቅጠል አይመልስም። ድኝ የሚጠቀም ሰው ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ይተወው፣ ከዘይት ጋርም አይደርበው፤ ቅጠል ያቃጥላል።

ተባዮቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ክሽክሽ ከቅጠሉ ሥር ተሰብስቦ ይመጣል፣ ቫይረስም ያስተላልፋል። ጉንዳን በሐረጉ ላይ ሲመላለስ ካዩ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ፤ ጉንዳን የክሽክሽን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወድ ይጠብቀዋል። በኃይል የሚወርድ ውሃ ወይም ቀጭን የሳሙና ውሃ ከሥሩ መርጨት ይበቃል። የዱባ አበባ ጎሕ ሲቀድ ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ ስለሚዘጋ፣ ማንኛውም ርጭት ንቦች ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ማምሻውን ይሁን።

ከሁሉ የሚያበሳጨው የፍራፍሬ ዝንቡ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ዳከስ ሲሊያተስ፣ ፈረንጆች ደግሞ በአገራችን ስም «የኢትዮጵያ የፍራፍሬ ዝንብ» ይሉታል። እንስቷ ለጋውን ፍሬ ወግታ እንቁላሏን ከልጣጩ ሥር ትጥላለች፤ ትሉ ውስጡን በልቶ ሲጨርስ ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል። ፍሬው እንደያዘ በወረቀት ከረጢት መሸፈን ያግዛል። የተወጋውንና የወደቀውን በየቀኑ ለቅሞ፣ አፉ በታሰረ ፕላስቲክ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር ነው። ኮምፖስት ላይ መጣል ግን ትሉን ቀልቦ ለሚቀጥለው ዱባ ማሳደር ነው።