ገድሉ ያለፈው ምሥጢር



ስለ ሴቶች፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ተሰወረ ምሥጢር የሚተርክ ልብ ወለድ ዛሬ ብዙ አንባቢ አለው። ነገሩ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በላስታ የሚነበበው ገድለ ላሊበላ፣ ቅዱሱን ንጉሥ ገና ሳይነግሥ የአባቱ ልጅ የሆነች እኅቱ በቅናት መርዝ እንዳጠጣችው ይተርካል፤ ጽዋውን አስቀድሞ የቀመሰው ዲያቆንም ሞተ። ንግሥት መስቀል ክብራ ደግሞ ቤተ አባ ሊባኖስን ለባላቸው መታሰቢያ እንዳሳነጹ የአገሩ ትውፊት ይናገራል።

ገድል የሚጻፈው ቅድስናን ለመመስከር ነውና የመራዧን ልብ አይመረምርም። ያን ሥራ የተረከበው ልብ ወለድ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ሴትነቷን ሰውራ ትጓዛለች። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር፣ ሰብለ ወንጌል ፍቅሯን ከወላጆቿ ትሰውራለች። መዓዛ መንግሥቴም ስለ ሴት አርበኞች በእንግሊዝኛ የጻፉትን ልብ ወለድ በ2012 ዓ.ም. አሳተሙ፤ የገዛ ቅድመ አያታቸው መዝመታቸውን ከእናታቸው የሰሙት ግን መጽሐፉን እየጻፉ ሳለ ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ መዝገብ ቤት ያለው ሰነድ የሹሙን ስም ይነግረናል እንጂ ሴቲቱ ስለ ምን ዝም እንዳለች አይነግረንም። አያቶቻችንን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው።