ሀዋሳ የተቆረቆረችው ካልዴራ ውስጥ ነው፦ ስለ ኮርቤቲ እሳተ ገሞራ

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ሲደጋገምና ሰዎች ከቀያቸው ሲነሱ፣ "የእኛስ ከተማ?" የሚል ጥያቄ ሀዋሳም ውስጥ ሲነሳ ሰምተናል። አጭሩ መልስ፦ ከተማችን ራሷ ያለችው በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ካልዴራ ማለት እሳተ ገሞራ በኃይል ፈንድቶ፣ ከስር የነበረው የቀለጠ አለት (ማግማ) ሲወጣ ጣሪያው ተደርምሶ የሚፈጠር ሰፊ ጉድጓድ ነው። የሀዋሳ ካልዴራ የሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ሐይቁም፣ የጨለለቃ ረግረግም፣ ከተማዋም በውስጡ ናቸው። ታቦርም ቢሆን ወጣ ብለን ከተማዋን የምናይበት ተራራ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው።

ይሄ አርጅቷል። ሕያው የሆነው ከሐይቁ በስተሰሜን፣ ከሻሸመኔ በስተምዕራብ ያለው ኮርቤቲ ነው። ከ180,000 ዓመት ገደማ በፊት በትልቁ ካልዴራ ውስጥ የተፈጠረ ሌላ ካልዴራ ሲሆን፣ በውስጡ ደግሞ ኡርጂና ጨቢ የሚባሉ እሳተ ገሞራዎች በቅለዋል። ጨቢ ላይ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ባልጩት ድሮ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ነው። ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ፍንዳታም አካባቢውን በቀላል፣ ቀዳዳ በበዛበት ነጭ ድንጋይ ሸፍኖታል። በጂኦሎጂ ይሄ ትናንት ማለት ነው።

አሁንስ? በሳተላይትና በጂፒኤስ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ2001 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የኮርቤቲ መሬት በዓመት እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ሲነሳ ቆይቷል። ምክንያቱ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ የሚጠራቀም ማግማ ነው ተብሏል። ይሄ "ነገ ይፈነዳል" ማለት አይደለም። ብዙ ካልዴራዎች ያብጣሉ፣ ሳይፈነዱም ይረጋጋሉ። ግን ተኝቷል ብሎ መተውም አይቻልም። የኮርቤቲ የጂኦተርማል ፕሮጀክት ሲባል የምንሰማውም ይሄንኑ ሙቀት ወደ መብራት ለመቀየር ነው።

እንደኛ ከካልዴራ ጋር የምትኖረው የጃፓኗ ካጎሺማ ናት። ከፊቷ በአይራ ካልዴራ ጠርዝ ላይ ሳኩራጂማ አለ። በ1914 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ የፈሰሰው ላቫ ደሴቱን ከየብስ አገናኝቶታል። ዛሬም አመድ ይተፋል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ነዋሪው ከግቢው የጠረገውን አመድ የሚያስቀምጥበት ቢጫ ከረጢት ያድላል። ኮርቤቲ ቢነሳ ሀዋሳንና ሻሸመኔን መጀመሪያ የሚያሰጋውም አመድ ነው፦ ከባድ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይብሳል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ይጥላል፣ ማሳ ያቃጥላል፣ ውሃ ይበክላል። የት እንደሚያርፍ የሚወስነው የዕለቱ ነፋስ ነው።

የአገራችንን መሬት መንቀጥቀጥና እሳተ ገሞራ የሚከታተለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ህዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ነው። መሬት በነቀነቀ ቁጥር "ኮርቤቲ ፈነዳ" የሚል ፖስት ስታዩ፣ የእኛም ቢሆን፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት እነሱ ምን እንዳሉ እዩ።