ኮረንቲ ልብስ ሲያማርጥ

እናንተ ሆዬ፣ ስሙኝማ! ዋጃ ላይ መብራት ሄደ እንበል። ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚከንፈው የጭነት መኪና አስፋልቱን አብርቶ ያልፋል፤ ከኋላው ጨለማው መልሶ ይገጥማል። ያን ጊዜ አያት የላምባ ፋኖሳቸውን ያወርዳሉ፣ የልጅ ልጅ ደግሞ በፀሐይ የሚሞላውን መብራት። ታዲያ የልጁም ፋኖስ መስሎ የተሠራ ነው፤ ማንጠልጠያው ያው፣ ግራና ቀኝ የታጠፉት ቱቦዎች ያው።

እስቲ ጠጋ በሉ። የአያት ፋኖስ ቱቦዎች ለነበልባሉ አየር ያደርሳሉ፤ ብትደፍኗቸው ያጨሳል፣ ይጠፋል። የልጁ ግን ድፍን ናቸው። አምፖል አየር ምን ሊያደርግለት! ጌጥ ናቸው፣ ሌላ ሥራ የላቸውም።

አዲሱን መብራት የሌላ ዕቃ መልክ ማልበስ የቆየ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ስዋን አምፖል ሲሠራ፣ በምን ላይ እንደሚቀመጥ ገና የተለመደ ነገር አልነበረም። ወዳጁ ዊልያም አርምስትሮንግ፣ በመድፍ ሥራ የከበረው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1880 ክራግሳይድ የተባለ ቤቱን በስዋን አምፖሎች አበራ። ለመጻሕፍት ክፍሉ ምን አደረገ? ኢናሜል የተለበጡ አራት የመዳብ የአበባ ማስቀመጫዎች አምጥቶ አምፖሎቹን አናታቸው ላይ ተከለ።

ጉዱ አሁን ነው! መዳቡ ራሱ የኮረንቲው መመለሻ ሆነ። መምጫው ሽቦ ደግሞ በማስቀመጫው ሆድ አልፎ፣ ከሥሩ ሜርኩሪ ከተሞላች ትንሽ ጽዋ ጋር ይገናኛል። ማብሪያ ማጥፊያ የሚባል የለም። ጌታው ሊያጠፋ ሲሻ ማስቀመጫውን ብድግ፣ ሊያበራ ሲሻ ቁጭ! የሜርኩሪውን መርዝነት ለጊዜው እንተወው። እኔ ግን ይህን ጌጥ አከብረዋለሁ፤ እንጀራውን ሠርቶ ይበላ ነበርና።

የቀሩት ሠሪዎች እንዲህ አልደከሙም። አምፖሉን የሻማ ልብስ አለበሱት፤ በጎኑ ቀልጦ የወረደ ሰም ሳይቀር ቀረጹለት። በየአዳራሹ ጣሪያ ላይ ዛሬም ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። በ1890 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጄኔሬተር ሲገባ፣ ዓለም ገና በዚሁ ልብስ መረጣ ላይ ነበር።

የሻማ ልብስ ያለበሱት ሠሪዎች ግን አንድ ነገር ዘንግተው ነበር። ላምባ ብትዘቀዝቁት ቤት ያነዳል፤ አምፖል ተዘቅዝቆም ይበራል። ይህን ወደ ውበት ከለወጡት አንዷ ክላራ ድሪስኮል ናት፤ ኒውዮርክ በቲፋኒ ስቱዲዮ የሴቶች መስታወት ቆራጮች አለቃ። የአበባ ዘለላው ወደ ምድር የሚንዠረገግ ሐረግ መርጣ፣ ወደ 2,000 በሚጠጋ የመስታወት ቁራጭ የመብራት ጥላ አደረገችው። ብርሃኑ በሐምራዊው አበባ መሃል ወደ ታች ይፈሳል። በዚያ መሥሪያ ቤት ያገባች ሴት አትሠራም ነበር፤ እሷም በ1909 እ.ኤ.አ. ለማግባት ስትል ለቀቀች።

የእጇን ሥራ ዓለም በደንብ ያወቀው ደብዳቤዎቿ ተገኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒውዮርክ ላይ ኤግዚቢሽን ከተከፈተ በኋላ ነው። መብራቱን ገልብጣችሁ መሠረቱን ብታዩት የታተመው ስም የቲፋኒ ነው።