ስለ ኤምአርአይ መሣሪያ አመጣጥ

በከፋ ምድር በቢታ ገነት የምንኖር ሰዎች «ኤምአርአይ ታዘዘለት» የሚል ቃል በሰማን ጊዜ አስቀድሞ የሚታሰበን መንገዱ ነው። ወገቡን የታመመና እግሩ መዛል የጀመረ ሰው በቦንጋ በኩል ወደ ጅማ፣ አንዳንዴም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይላካል። ለመሳፈሪያውና ለስንቁ ከብት የሚሸጥ አለ፤ አስታማሚውም ሥራውን ትቶ ይከተለዋል። ይህን ያህል የሚያደክመን መሣሪያ ምን እንደ ሆነና ከወዴት እንደ መጣ ማወቅ የሚገባ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን በአጭሩ እንጽፋለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እኛም ስሙን መጀመሪያ ስንሰማ፣ ማግኔት ብረትን ይስባል እንጂ ሥጋን ምን ያደርጋል ብለን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ከሰውነታችን የሚበዛው ክፍል ውሃ ነው፤ በውሃም ውስጥ ሃይድሮጂን አለ። የሃይድሮጂን አቶም እምብርት ፕሮቶን ይባላል፤ እርሱም እንደ ኢምንት ማግኔት ነው። ብርቱ የማግኔት ኃይል ውስጥ በገባ ጊዜ፣ የሾረ እንዝርት ሊወድቅ ሲል ራሱን እያዞረ እንደሚንገዳገድ፣ ፕሮቶኑም እንዲሁ ይዞራል። ኃይሉ 1.5 ቴስላ ቢሆን ዙሩ በሴኮንድ 64 ሚሊዮን ያህል ነው። በዚሁ ልክ የሬድዮ ሞገድ ቢልኩበት ዘንበል ይላል፤ ሞገዱ ሲቋረጥም ወደ ቀድሞ አቋሙ እየተመለሰ በተራው ሞገድ ይሰጣል። የመመለሻው ጊዜ በስብ፣ በውሃና በሽታ በነካው ሥጋ ልዩ ልዩ ነው፤ ሐኪሙ የሚያየው ሥዕል ከዚህ ልዩነት የተሠራ ነው።

1.5 ቴስላ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገመት ወደ አዲስ አበባ እንመልከት። ከተማዋ ለማግኔት ምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ፣ የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ በ1950ዎቹ መጨረሻ በዚያ ተቋቁሞ የምድርን ማግኔት መለካት ጀመረ። በአዲስ አበባ ካለው የምድር ማግኔት ይልቅ የሆስፒታሉ ማግኔት 40 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ይህን የእምብርት ጠባይ በ1938 በኒውዮርክ የለካው ኢሲዶር ራቢ ነው። በ1946 ፊሊክስ ብሎክ በውሃ ላይ፣ ኤድዋርድ ፐርሰል በፓራፊን ሰም ላይ፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ሞገዱን አገኙት፤ በ1952ም ኖቤልን ተካፈሉ። ሦስቱም ስለ በሽተኛ አላሰቡም። ራቢ በሽምግልናው ታሞ እዚሁ መሣሪያ ውስጥ በገባ ጊዜ ሥራው እዚህ መድረሱን አይቶ እጅግ እንደ ተደነቀ ይነገራል።

በ1971 ሐኪሙ ሬይመንድ ዳማዲያን የአይጥ ዕጢ ከጤናማ ሥጋ የተለየ ምልክት እንደሚሰጥ አሳየ። ነገር ግን ምልክቱ ከየትኛው ቦታ እንደ መጣ ማወቂያ አልነበረም። ይህን የፈታው ፖል ላውተርበር ነው። የማግኔቱን ኃይል እንደ ተዳፋት አደረገው፤ ከታች እስከ ላይ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በየስፍራው ያለው ፕሮቶን በየራሱ ፍጥነት ይዞራል፤ ከፍጥነቱም ስፍራው ይታወቃል። ጽሑፉን መጀመሪያ መጽሔቱ አልቀበልም ብሎት ነበር፤ በ1973 ግን ታተመለት። ፒተር ማንስፊልድ ደግሞ ሥዕሉ በፍጥነት የሚነሣበትን ስሌት አገኘ። ይህ ሰው በ15 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በማተሚያ ቤት ያገለገለ መሆኑን ለተማሪዎቻችን ብንነግራቸው አይከፋም።

በሐምሌ 1977 ዳማዲያን «የማይበገር» ብሎ በሰየመው መሣሪያ የመጀመሪያውን የሰው ደረት ሥዕል አነሣ። አስቀድሞ ራሱ ገብቶ ነበር፤ ውፍረቱ ግን ሥራውን አሰናከለበት። ቀጭኑ ረዳቱ ላሪ ሚንኮፍ ተተክቶ አምስት ሰዓት ያህል ተቀመጠ። በ2003 ኖቤል ለላውተርበርና ለማንስፊልድ ሲሰጥ ዳማዲያን ተለይቶ ቀረ፤ በጋዜጣም ጮኸ። በእኛ አስተያየት ቅሬታው ከንቱ አይደለም፤ ሥዕል ማንሣቱ ግን የሁለቱ ነው።

«ኑክሌየር» የሚለው ቃል በሽተኛን ስለሚያስፈራ ከስሙ ወጣ። በእርግጥም መሣሪያው እንደ ራጅ ጨረር የለውም፤ ድምፁ ግን እንደ መዶሻ ነው፤ በገላው ውስጥ ብረት ያለበት ሰውም አስቀድሞ መናገር አለበት። አንጎልን፣ ሕብለ ሰረሰርንና መገጣጠሚያን አጥርቶ ያሳያል። ለአገራችን ትልቁ ጥቅሙ በአከርካሪ ቲቢ ላይ ይመስለናል። ራጅ በሽታውን የሚያሳየው አጥንቱ ብዙ ከተበላ በኋላ ነው፤ ኤምአርአይ ግን መግሉንና የተጫነውን ሕብለ ሰረሰር ቀድሞ ያሳያል። እግር ሳይሽመደመድ መድኃኒት የጀመረ ሰው ቆሞ የመሄድ ተስፋው ብዙ ነው። ሁለት ወር ዘግይቶ የደረሰ ግን እንደዚያ አይደለም።

ብርቱው ማግኔት የሚሠራው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በቀዘቀዘ ሂሊየም ነው፤ የማይቋረጥ መብራትና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ከትልልቅ ከተሞች አልራቀም። ሆኖም በ2022 በኡጋንዳ በምባራራ ዩኒቨርሲቲ፣ የአገሩ መሐንዲሶችና ከሆላንድ የመጡ ሊቃውንት ሂሊየም የማይሻ መሣሪያ ከትንንሽ ማግኔቶች በ11 ቀን ገጣጠሙ። የታሰበውም በራሳቸው ውስጥ ውሃ ለሚጠራቀምባቸው ሕፃናት ነው። ኃይሉ ከ1.5 ቴስላው ሠላሳ ጊዜ ያህል ያነሰ ስለ ሆነ ሥዕሉ ደብዘዝ ይላል። ራስን እንጂ ወገብን ስለማያስገባ፣ ከቢታ ገነት ወገቡን ይዞ የሚነሣውን ሰው ገና አይቀበለውም።