አይስላንድ ልጆቿን እንዴት ወደ ቤት መለሰች?

እኛ ዘንድ ልጆች መጠጥና ጫት ጀመሩ በተባለ ቁጥር የሚሰማው ጩኸት አንድ ነው፤ «ሕግ ይውጣ!» ሕጉስ ወጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። መከልከሉ መልካም። ነገር ግን በክልከላ ብዙ የደከመች የአንዲት አገር ታሪክ ላጫውታችሁ።

አይስላንድ ሕዝቧ አራት መቶ ሺህ ገደማ የሆነ ቀዝቃዛ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1908 ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ ከ1915 ጀምሮ አልኮልን በሙሉ አገደች። ብዙም አልቆየ፣ ስፔን «ወይኔን ካልገዛችሁ ዓሣችሁን አልገዛም» አለችና በ1922 ወይን ተፈቀደ። (ገበያና መርሕ ሲጋጩ ማን እንደሚረታ መቼም እናውቃለን።) በ1935 ጠንካራ መጠጥ ተከተለ። ቢራ ግን እስከ 1989 ድረስ እንደታገደ ቆየ። ውስኪ ተፈቅዶ ቢራ የሚከለከልበት አገር!

ታዲያ ወጣቱ ዳነ? በ1998 ዕድሜያቸው 15 እና 16 የሆኑ ተማሪዎች ሲጠየቁ 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረን ነበር አሉ። 23 በመቶው በየቀኑ ያጨሳል። በየክፍሉ «መጠጥ ይጎዳል» እየተባለ መሰበኩም ጠብ ያደረገው ነገር አልነበረም። እኔም ዕድሜዬን በአስተማሪነት ስለገፋሁ አይደንቀኝም፤ ተማሪ ምክር ሲጀመር ጆሮውን ይዘጋል።

ተመራማሪዎቹ ጥያቄውን ገለበጡት፤ የማይጠጡትስ ልጆች ምን ቢኖራቸው ነው? መልሱ ተራ ነገር ሆኖ ተገኘ። ከወላጆቻቸው ጋር ጊዜ ያሳልፋሉ፣ የት ከማን ጋር እንዳሉ ቤተሰብ ያውቃል፣ በሳምንት ውስጥ ደጋግመው ስፖርት ወይም ሙዚቃ ይለማመዳሉ፣ አምሽተው ውጭ አይገኙም። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች በክረምት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻቸውን ደጅ እንዳይገኙ ተደነገገ። የሬይኪያቪክ ከተማ ለልጆች የስፖርትና የጥበብ ክፍያ ድጎማ መስጠት ጀመረች።

እኔን የማረከኝ ግን የወላጆቹ ሥራ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች ተሰብስበው ይፈራረማሉ፤ ለልጅ መጠጥ አንገዛም፣ አዋቂ የሌለበት ድግስ አንፈቅድም፣ አንዳችን የሌላውን ልጅ እናያለን ይላሉ። ቅዳሜና እሑድ ሊደርስ ሲል ደግሞ ማታ ማታ ካፖርታቸውን ደርበው በየሰፈሩ በቡድን ይዞራሉ። ዱላ የለ፣ ፖሊስ የለ። «ልጄ፣ መሽቷል እኮ» ብቻ። በ2016 ባለፈው ወር ሰክሬ ነበር የሚለው ልጅ ወደ 5 በመቶ፣ በየቀኑ የሚያጨሰው ወደ 3 በመቶ ወርዶ ነበር።

ይህን ሳነብ ያደግሁበት ሰፈር ትዝ አለኝ። ጠላ በየቤቱ ይጠመቅ ነበር፤ ለእኛ ለልጆች የሚደርሰን ቅራሪ ነው፣ እሱም በትልልቆቹ ፊት። ጥፋት ስንሠራ ያየች ጎረቤት እኛ ቤት ሳንደርስ ለእናታችን ነግራ ትጠብቀናለች። የጆሮ ቁንጥጫው ይቅር፣ አልናፍቀውም። ዓይኗ ግን የሰፈሩ ሁሉ ነበር። አሁን «የሰው ልጅ ምን አገባኝ» እንባባላለን፤ ብንናገርም ወላጁ ይቀየመናል።

በቅርቡ በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ክፍያ ጭማሪ ተከራከርን። ከበሩ ማዶ ካለው ጫት ቤት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንዲት እናት እጇን አውጥታ እሱን ልታነሣ ስትል ሰብሳቢው «እሱ አጀንዳችን አይደለም፣ እትዬ» አላትና ወደ ክፍያው ተመለስን።