ከጅቡቲ ቴምብር እስከ ደብዳቤ አንባቢው ፕሮግራም

እ.ኤ.አ. በ1906 የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት የምኒልክ ቴምብር ከድንበር ማዶ ዋጋ አልነበረውም። ቴምብሩ ከ1894 ጀምሮ ቢታተምም፣ በጅቡቲ በኩል ወደ አውሮፓ የሚሻገር ደብዳቤ የፈረንሳይ ቴምብር ጭምር ይፈልግ ነበር። ይህ ጣጣ የቀረው ኢትዮጵያ በኖቬምበር 1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን ነው።

የጅቡቲው ፖስታ ሠራተኛ የሚያየው ኤንቨሎፑን ብቻ ነበር። ቴምብሩን ያረጋግጣል፣ ማኅተም ይመታል፣ ወደ መርከብ ከረጢት ይወረውራል። ውስጡ የተጻፈው አይመለከተውም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህ የአሻጋሪነት ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ በሌላ መልክ ታየ። በኢትዮጵያ ሙሉ ኢንተርኔት ሳይኖር፣ በተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በፊዶኔት ዘዴ ኢሜይል ያመላልስ ጀመር። ተጠቃሚው መልእክቱን በሞደም ያስገባል፤ መልእክቱ ተጠራቅሞ በስልክ መስመር ለንደን ወዳለው የግሪንኔት ኔትወርክ ያልፋል። እዚያ ፕሮግራም የፊዶኔቱን አጻጻፍ ወደ ኢንተርኔት አጻጻፍ ይለውጠዋል። እንደ ጅቡቲው ሠራተኛ ሁሉ፣ ይህም ፕሮግራም የሚያስተካክለው ኤንቨሎፑን እንጂ የደብዳቤውን ጉዳይ አልነበረም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ፕሮግራሙ ደብዳቤውን ከፍቶ ማንበብና የታዘዘውን መፈጸም ሲጀምር ነው። ኢሜይል እንጂ ድረ ገጽ ለማይደርሳቸው ሰዎች፣ በጄኔቫው ሰርን የተጀመረው አጎራ ትልቅ ነገር ነበር፦ በመልእክቱ ውስጥ የገጹን አድራሻ ጽፎ መላክ ብቻ፤ ሰርቨሩ ገጹን አምጥቶ በጽሑፍ ይመልሳል። ሰው መሀል አይገባም።

እንዲህ ያለው አሠራር የሚገርም ቀላልነት አለው። ሴንድሜይል የተባለው የኢሜይል ማመላለሻ ፕሮግራም በሚሠራበት ሰርቨር ላይ አንድ የአድራሻ ዝርዝር ፋይል አለ። ከተቀባዩ ስም ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር፣ ከዚያ መልእክቱን የሚያነበው አጭር ፕሮግራም፣ ማለትም የስክሪፕቱ ስም ይጻፋል። በዚያ ስም የመጣ ሁሉ ወደ ሰው ሳጥን ሳይሆን በቀጥታ ወደ ስክሪፕቱ ይፈስሳል።

ይህች መስመር አደጋም ነበረባት። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው የኮምፒውተር ትል ከተጠቀመባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ሴንድሜይል ነው። ለጥገና የተተወውን በር ተጠቅሞ በተቀባይ ስም ቦታ ፕሮግራም አስቀመጠ፤ ሰርቨሩም የመልእክቱን ሆድ እንደ ትእዛዝ አስኬደው።

በጃንዋሪ 1997 ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር የፊዶኔቱ መንገድ ተፈላጊነቱ ቀነሰ። ስክሪፕቱ ግን ሥራ አልፈታም። ዛሬ አቤቱታ ወይም የክፍያ ማስረጃ በኢሜይል የሚቀበል መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ስክሪፕት ሲያስጽፍ፣ ባለሙያው የሞሪስን ታሪክ አስቀድሞ ያንብብ፦ በላኪነት የተጻፈውን ስም አይመን፣ ከደብዳቤው የመጣ ቃልም ሳይጣራ ወደ ትእዛዝ አይግባ።