ከእናትነት ብዕርን የመረጠች

ልጅ የሌላትን ሴት አገሬው «መካን» ይላታል። ቃሉ የሚናገረው ፈልጋ ስላጣችው ሴት ነው። መውለድ እየቻለች «አልወልድም» ላለችው ግን ቋንቋችን ስም አላወጣላትም። ቀን ከሒሳብ መዝገብ ጋር ውዬ ማታ ከግጥም ጋር የማመሸው እኔ፣ ስለዚህች ስም የለሽ ሴት እንዳስብ ያደረገችኝ ፈረንሳዊቷ ደራሲና ፈላስፋ ሲሞን ደ ቦቩዋር ናት። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሲሞን በ1908 ፓሪስ ተወለደች። ቤተሰቧ ደልቶት ኖሮ ኋላ ሀብቱ የተሟጠጠበት ነበር፤ ሴት ልጆቹን ሲድር የሚሰጠው ገንዘብ ስላልነበረው፣ ሲሞን ሠርታ ማደር እንዳለባት ገና በልጅነቷ አወቀች። ድህነቱ በር ከፈተላት። በ1929 በአገር አቀፉ የፍልስፍና መምህራን ፈተና በ21 ዓመቷ ሁለተኛ ወጣች፤ አንደኛው ዣን ፖል ሳርትር ነበር። በ1931 እርሷ ማርሴይ፣ እርሱ ለሃቭር ለማስተማር ሲመደቡ፣ ባልና ሚስት በአንድ ከተማ ይመደቡ ነበርና «እንጋባ» አላት። እምቢ አለች። ወዳጅነታቸው ግን እስከ ሳርትር ሞት፣ እስከ 1980 ዘለቀ።

ልጅ ለምን እንዳልወለደች በትዝታ መጽሐፏ አስረድታለች፦ ጽሕፈት ጊዜዋንና ነጻነቷን ሁሉ ይጠይቃት ነበር። እናትነትን እንደ ገፋች እንኳ አልተሰማትም፤ ዕጣዋ ሌላ ነበር።

በ1949 በወጣው «ሁለተኛው ጾታ» ውስጥ ስለ እናት የሚያወሳው ምዕራፍ የሚጀምረው ከሕፃን አልጋ ሳይሆን ከውርጃ ነው። ለምን ይሆን? በ1920 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ ስለ ወሊድ መከላከያ መስበክን እንኳ ይከለክል ነበር። በ1943 ደግሞ ማሪ ሉዊዝ ዢሮ የተባለች ሴት፣ ሌሎች ሴቶችን አስወርደሻል ተብላ አንገቷ ተቀልቷል። ሲሞን የሞገተችው እንዲህ ያለውን በሰይፍ የተጠበቀ እናትነት ነው። ቫቲካን በ1956 መጽሐፉን አወገዘ። በ1971 ግን እርሷን ጨምሮ 343 ሴቶች «አስወርደናል» ብለው በአደባባይ ፈረሙ፤ በ1975 ፈረንሳይ ውርጃን ፈቀደች።

በኋለኞቹ ቃለ ምልልሶቿ ወጣት ሴቶችን ከትዳርና ከእናትነት ወጥመድ እንዲጠነቀቁ ትመክር ነበር። እዚህ ላይ እኔም እከራከራታለሁ፤ የእናትነትን ጨለማ ጎን ስትስል ብርሃኑን አሳንሳዋለች። ይሁንና እናቷ በ1963 ስትሞት፣ በሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ስላሳለፈቻቸው ቀናት የጻፈችውን ያነበበ፣ እናቶችን ጠላች ሊላት አይችልም። የጠላችው ግዴታውን ነበር።

በስተርጅና ወዳጇን ሲልቪ ለ ቦንን በሕግ ልጇ አደረገቻት፤ ጽሑፎቿን የምትጠብቅ ወራሽ አገኘች። በ1986 አርፋ ሞንፓርናስ ከሳርትር ጎን ተቀበረች።

እኛ ሙሽሮችን «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለን እንመርቃለን። ምርቃቱ ውብ ነው፤ ግን «አሜን» ማለት ያለበት ተመራቂው ነው። እምቢ የማይባል ምርቃት ትእዛዝ ይሆናል።